በልክ የተሰፋ ምክር፦ ስልካችን ስለ ጤናችን ሲጠይቀን

(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በጤና ንዑስ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ጤና እንድንናገር ሲጋብዘን ሁለት ነገር አስጠንቅቆናል። አንደኛው እንዳናስረዝም ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰው ምሳውን ሳይበላ ስለ ጨውና ስለ ስኳር እንዳናወራ ነው። ሁለተኛውን ማክበር አልቻልንም፤ ምሳው ዘግይቶ የእኛ ተራ ቀድሟልና ይቅርታ እንጠይቃለን። በነገራችን ላይ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው ማኅበራችን እዚህ ናይሮቢ ሲመሠረት የምንጨነቅባቸው ጉዳዮች የመኖሪያ ፈቃድ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ሰው ሲሞትም አስከሬን ወደ አገር ቤት መላክ ነበሩ። ያን ጊዜ አብዛኞቻችን ወጣቶች ነበርን። ዛሬ እነዚያ ወጣቶች ሸብተናል፤ እድራችን የሚጠራባቸው ድንገተኛ ሐዘኖችም ከደም ግፊትና ከስኳር በሽታ ጋር የተያያዙ እየሆኑ መጥተዋል። "ደህና ነበር እኮ፣ ትናንት አብረን ቡና ጠጥተን ነበር" የሚለውን ቃል ስንት ለቅሶ ቤት ሰምተነዋል?

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በ1984 ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በብዛት የገቡት ወገኖቻችን ሲደርሱ የስኳር በሽታ እምብዛም አይታይባቸውም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በሽታው በመካከላቸው በፍጥነት መታየት መጀመሩን የእስራኤል ሐኪሞች ገና በ1980ዎቹ መጨረሻ ጽፈዋል። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው አበላላቸውና አዋዋላቸው ነው። እኛ ለአገር ቤት ቅርብ ስለሆንን ኑሯችን ያልተለወጠ ይመስለናል። እንጀራው አለ፣ በርበሬውም በየጊዜው ይመጣል። ይሁንና በእግር መሄድ ቀርቶ መኪና ተተክቷል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠን እንውላለን፤ ትልቁን ማዕድ የምንበላውም ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው።

ሰው ልማዱን ቢለውጥ በሽታውን ሊያስቀር ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከታወቀ ቆይቷል። በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት የደም ስኳራቸው ከፍ ያለ፣ ነገር ግን ገና የስኳር ሕመምተኛ ያልሆኑ 3,234 ሰዎችን ተከታትሏል። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት ሰዎች ወደ በሽታው የመግባት ዕድላቸው ምንም ልዩ እገዛ ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ። ማለትም ልማድን መለወጥ ከክኒኑ በለጠ። ነገር ግን በዚያ ጥናት ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አማካሪ ተመድቦለት፣ ፊት ለፊት እየተገናኙ 16 ትምህርት ተሰጥቶታል። ይህን ያህል አማካሪ ከየት ይመጣል? ሐኪሞቻችን እንኳ በር ላይ ወረፋ እያዩ ለአንድ ሰው የሚሰጡት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው።

በኮምፒዩተርና በስልክ የሚሰጥ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ተለይቶ የሚዘጋጅ የጤና ምክር የመጣው ከዚህ ችግር ነው።

ነገሩን በልብስ ብናስረዳው ይቀላል። በየክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው "ጨው ቀንሱ፣ ስፖርት ሥሩ" የሚለው ወረቀት ተዘጋጅቶ እንደሚሸጥ ልብስ ነው፤ ለአንዱ ይሰፋዋል፣ ለሌላው ይጠበዋል። አሁን የምንናገርለት ግን ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ትከሻህን ለክቶ የሚሰፋልህ ዓይነት ነው። አሠራሩም የሚያስደነግጥ አይደለም። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ይጠይቅሃል፦ ዕድሜህ ስንት ነው፣ ምን ትበላለህ፣ ታጨሳለህ ወይ፣ ለመተው አስበሃል ወይ፣ ከዚህ በፊት ሞክረህ ለምን ተመለስህበት? ከዚያ በኋላ አስቀድመው ከተጻፉ በመቶ ወይም በሺህ ከሚቆጠሩ አጫጭር ምክሮች ውስጥ "መልሱ እንዲህ ከሆነ ይህን ስጠው" በሚል ሕግ ለአንተ የሚስማሙትን መርጦ ያቀናጅልሃል። ዛሬ ዛሬ ምክሩን ራሱ የሚጽፉ ማሽኖችም መጥተዋል፤ ቢሆንም መሠረቱ ያው መለካት ነው።

ከመለኪያዎቹ አንዱ የሰውየው ዝግጁነት ነው። ጄምስ ፕሮቻስካና ካርሎ ዲክለሜንቴ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን በ1983 ሲጋራ የሚተዉ ሰዎችን አጥንተው ሰው በአንድ ጀምበር እንደማይለወጥ፣ ነገሩን ከማያስብበት ደረጃ ወደ ማሰብ፣ ከዚያም ወደ ተግባርና ተግባሩን ወደ ማጽናት እንደሚሄድ አሳይተዋል። ስለ መተው ጨርሶ ላላሰበ ሰው "የምታቆምበትን ቀን ምረጥ" ማለት ገና ላልታጨች ልጅ ድግስ እንደ መጥመቅ ነው። በየቤታችን ስንጨቃጨቅ የምንሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለናል።

በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቪክተር ስትሬቸርና ባልደረቦቻቸው ይህን በልክ የመስፋት ሥራ ለዓመታት ሲሠሩበት ቆይተዋል። በ2008 ባሳተሙት ጥናት 1,866 አጫሾች በኢንተርኔት ምክር አገኙ። በደንብ የሠራው ምን ነበር? የሰውየውን ኑሮ የሚመስል፣ "እኔም እንዳንተ ነበርሁ" የሚል የሌላ ሰው ታሪክ ሲላክለት፣ ምክሩም ፊት ከሌለው ድርጅት ሳይሆን ከሰው የመጣ ሲመስል ብዙዎች ተዉት። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ጎረቤቷ ሳትነግራት ሐኪም ዘንድ የሄደች እናት ማን ናት?

እውነቱን ለመናገር ግን ውጤቱ ማስታወቂያው የሚለውን ያህል አይደለም። በ2010 የታተመና 85 ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ በኢንተርኔት የሚሰጡ ፕሮግራሞች የሰውን ልማድ የሚለውጡት በአማካይ በጥቂቱ እንደሆነ አሳይቷል፤ አጫጭር የስልክ መልእክት ሲታከልባቸው ግን ይሻላሉ። በብሪታንያ በ5,800 አጫሾች ላይ ተደርጎ በ2011 የታተመ ጥናት ደግሞ በስልክ መልእክት ከታገዙት ውስጥ ከስድስት ወር በኋላ ማቆማቸው በምርመራ የተረጋገጠው 10.7 በመቶ፣ ካልታገዙት ደግሞ 4.9 በመቶ ነበሩ። ከእጥፍ በላይ ነው፤ ደስ ይላል። ሆኖም ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ አሁንም ያጨሳሉ። ሌላም ችግር አለ። ጉንተር አይዘንባክ የተባሉ ተመራማሪ በ2005 እንደጻፉት የእነዚህ ፕሮግራሞች ዋና ጠባይ ሰዎች ጀምረው ጥለዋቸው መሄዳቸው ነው።

ይህንን እኛ በራሳችን አይተነዋል። ከሦስት ዓመት በፊት ንዑስ ኮሚቴያችን 14 አባላትን መዝግቦ በአንድ የውጭ አገር የጤና ፕሮግራም ላይ አስጀምሮ ነበር። ስሙን አንጠራም፤ ለሠሩት ሰዎች መልካም ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን የተለካው በሌላ ሰው ትከሻ ነበር። በሳምንት ስንት ቁራሽ ዳቦ፣ ስንት ጊዜ ቺዝ እንደምንበላ ይጠይቃል። እንጀራ የሚባል ነገር በዝርዝሩ ውስጥ የለም። አንዲት እናታችን ልጃቸው መከራቸውና "ፓንኬክ" ብለው መዘገቡት፤ በሳምንቱ መጨረሻ ፕሮግራሙ 21 ፓንኬክ መብላታቸው እጅግ አሳሳቢ እንደሆነ ነገራቸው። በዐቢይ ጾም ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ ሲውሉ "ቁርስዎን መመዝገብ ረስተዋል" እያለ ይቀሰቅሳቸውና እርጎ እንዲበሉ ይመክራቸዋል። እርሳቸውም "ይህ ስልክ ጾሜን ሊያስፈታኝ ነው የመጣው" ብለው አጠፉት። ብዙዎቻችን በዓመት ከ100 ቀን በላይ እንጾማለን፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ረመዳን አላቸው። ይህን የማይጠይቅ ፕሮግራም ልካችንን ወስዷል ማለት አይቻልም። በሴኔጋል ግን በ2014 የስኳር ሕመምተኞች በረመዳን እንዴት እንደሚጠነቀቁ የሚመክር የስልክ መልእክት አገልግሎት ተጀምሯል፤ ስለዚህ ሲታሰብበት ይቻላል ማለት ነው።

ከ14ቱ ሰዎች በሁለት ወር ውስጥ የቀሩት አራት ነበሩ። አሁን የምንነግራችሁ ከእነዚያ ስለ አንዱ ነው፤ ራሳቸው ፈቅደውልናል፤ እንዲያውም "ስሜን ብትጠሩም ግድ የለኝም" ብለዋል፤ እኛ ግን አንጠራም።

ወንድማችን የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዱ ነበር። በየቀኑ ፕሮግራሙ ላይ ይመዘግባሉ፤ እርሱም "ጎበዝ! ይበርቱ!" ይላቸዋል። ግፊታቸው ወረደ። ጤነኛ እንደሆኑ ተሰማቸው። ለንግድ ሥራ ወደ ሞምባሳ ሲሄዱ ክኒናቸው አለቀ፤ "ምንም አላመመኝም፣ ስመለስ እገዛለሁ" አሉ። ሲመለሱም አልገዙም። መመዝገብም ተዉ። እኛ በኮሚቴው ዝርዝር ላይ ስማቸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ባዶ ሆኖ አየነው። "ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል" አልን። የተናገርነው ይህንኑ ነው፤ እዚህ የቆምነው ሁላችንም ተናግረነዋል። ከዚያ በኋላ በአንድ እሑድ ጠዋት ግማሽ ሰውነታቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሆስፒታል ገቡ።

ልንጠይቃቸው ስንሄድ ባለቤታቸው ስልካቸውን ሰጡን። ወንድማችን አልጋ ላይ መናገር አቅቷቸው ተኝተው በነበሩባቸው ቀናት ፕሮግራሙ መልእክቱን አላቋረጠም። "ዛሬ አልተራመዱም። እንነሳ!" ይላል አንዱ። "ናፍቀውናል" ይላል ሌላው። ልጃቸው እያነበበች ታለቅሳለች። እኛም የምንለው ጠፋን፤ ምክንያቱም ማሽኑ ቢያንስ ናፍቀውናል ብሏል። እኛ ያንንም አላልንም።

ከዚያ በኋላ ነው አጠገባችን የነበረውን ነገር ማንበብ የጀመርነው። በዚሁ በኬንያ፣ በከተማችን በናይሮቢ በፑምዋኒ አካባቢ፣ እንዲሁም በካጂያዶና በሌላ አንድ ክሊኒክ ከ2007 ጀምሮ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በጀመሩ 538 ሰዎች ላይ አንድ ጥናት ተደርጎ ነበር። ዌልቴል ይባላል፤ ውጤቱ በ2010 ታትሟል። ዘመናዊ ስልክ ያልተስፋፋበት ጊዜ ስለነበረ የተጠቀሙት ተራውን የስልክ መልእክት ነው። በየሳምንቱ ለግማሾቹ አንድ ቃል ትላክላቸዋለች፦ "ማምቦ?"፤ ኪስዋሂሊ የምትችሉ ልጆች እንደምታውቁት "እንዴት ነህ?" እንደ ማለት ነው። ሰውየው በሁለት ቀን ውስጥ "ሳዋ" ብሎ ደህንነቱን ወይም "ሺዳ" ብሎ ችግር መኖሩን ይመልሳል። ችግር አለብኝ ያለውንም፣ ጭራሽ ያልመለሰውንም የክሊኒኩ ባለሙያ ይደውልለታል። መልእክቱ ስለ መድኃኒትም ስለ በሽታም አንዳች አይናገርም፤ ስልኩን ሌላ ሰው ቢያነበው ምሥጢር አይወጣም።

መድኃኒታቸውን በሚገባ እንደወሰዱ የተናገሩት መልእክት ከሚደርሳቸው 62 በመቶ፣ ከማይደርሳቸው 50 በመቶ ሆኑ። ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የታፈነላቸው ደግሞ 57 እና 48 በመቶ። ሁልጊዜ እንዲህ ይሠራል ብለን አንዋሻችሁም፤ በኪቤራ በ700 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2018 የታተመው ተከታይ ጥናት ሕመምተኞች ከክሊኒኩ እንዳይቀሩ በማድረግ በኩል ልዩነት አላገኘም። እኛን የነካን ግን አንድ ነገር ነው፦ የዝምታውን መልስ እንደ መልስ መቁጠራቸው። እኛ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝምታ አይተን ሥራ ነው ብለን ነበር።

ስለሆነም የራሳችንን ሠራን። የሠሩት ልጆቻችን ናቸው፤ ኮምፒዩተር ያጠኑ ሁለት የማኅበራችን ልጆች ከነርሶቻችን ጋር ተቀምጠው 19 ጥያቄ አዘጋጁ። ትጾማላችሁ ወይ? ሥራችሁ የሌሊት ነው የቀን? መልእክቱን ማንበብ ትመርጣላችሁ ወይስ በድምፅ መስማት? ዝም ብትሉ ማን ይደውልላችሁ? ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ አስተምራናለች። አንድ አባት "ከልጆቼ በቀር ማንም ይደውል" ብለው ጻፉ።

ስህተትም ሠርተናል። ለሁለት ወር ያህል የደም ግፊት ላለባቸው ወንዶች ስለ ጨው መልእክት ስንልክ ቆየን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው እንደሚመክር፣ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ እንደሆነ በሚገባ አስረዳን። ምንም ለውጥ የለም። በኋላ አንዲት እህታችን ሳቀችብን፦ "ድስቱን የሚጥዱት እነርሱ ናቸው እንዴ?" ጨው የሚጨመረው ወጡ ሲሠራ ለመላው ቤተሰብ ነው፤ ባልየው ማዕድ ላይ የሚቀንሰው ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ "በቤታችሁ ወጥ የሚሠራው ማን ነው?" የሚለው 20ኛ ጥያቄያችን ሆነ፤ መልእክቱም ለወጥ ሠሪዋ፣ በአንዳንድ ቤት ለወጥ ሠሪው፣ ይሄዳል። ወንዶችስ ወጥ መሥራት ለምን አይለምዱም የሚለውን ለሴቶች ንዑስ ኮሚቴ ትተነዋል።

ስለ ስኳር ደግሞ የተሻለ ሠርተናል ብለን እናስባለን። "ስኳር ቀንሱ" አላልንም። ለቡና ወዳጆች የላክነው ሒሳብ ነው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጨመር በአንድ ቁጭታ ስድስት ማንኪያ፣ ወደ 24 ግራም ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከዚህ ባይበልጥ ይመረጣል የሚለው መጠን ወደ 25 ግራም ነው። ቡናውን ማንም አልከለከለም። አንዲት እናት መልሰው "እንግዲያው ቀኔን በአንድ ቡና ጨርሼዋለሁ" ብለው የድምፅ መልእክት ላኩልን፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በየስኒው ወደ ግማሽ ማንኪያ ወርደዋል።

ስለ ምሥጢር ሳንናገር አናልፍም፤ እዚህ ላይ ያዘናችሁ አባላት እንዳላችሁ እናውቃለንና። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም በአንድ የጋራ ቡድን ውስጥ ጨምረን ነበር። የአንዲት እህት የመድኃኒት ስም ያለበት መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ ተላልፎ ለቅሶ ቤት ወሬ ሆነ። ይቅርታ ጠይቀናታል፤ ዛሬም በሁላችሁ ፊት እንጠይቃታለን። የኬንያ የ2019 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይቆጥረዋል፤ እኛ ሕጉን ያወቅነው ከጥፋቱ በኋላ ነው። አሁን የጋራ ቡድን የለም። መዝገቡ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ የቁጥሩን ባለቤት የሚያውቁት ሁለቱ ነርሶቻችን ብቻ ናቸው። ሊቀ መንበራችን እንኳ አያውቁም፤ ጠይቀው ተከልክለዋል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ እንበል። ይህ ፕሮግራም ሐኪም አይደለም። በጾም የመድኃኒታችሁን ሰዓት ስለ መለወጥ፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የምትወስዱ፣ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አንዳች እንዳታደርጉ። የእኛ መልእክት ሰው እንዲጠይቅ እንጂ እንዲያዝዝ አልተሠራም።

ወንድማችን ዛሬ እዚህ ናቸው። በከዘራ ይሄዳሉ፤ ንግግራቸው ተመልሷል፤ አንዳንዴ ቃል ይጠፋቸውና ይስቃሉ። አዲሱን መልእክት ስናዘጋጅ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፦ "ጎበዝ የሚለው ይውጣልኝ።" አውጥተነዋል። ሰኞ ሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ለተመዘገቡት 63 አባላት የሚሄደው "እንዴት አደራችሁ?" የሚል ብቻ ነው። እስከ ረቡዕ ማታ ያልመለሰ ካለ ሐሙስ ስልኩ ይጮኻል። ከሚደውሉት አምስት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ናቸው፤ ሲደውሉም ረዥም ጊዜ ስለሚያወሩ የስልክ ሒሳባቸው ከሁሉ ይበልጣል፤ ሒሳብ ሹማችን ታግሠውልናል።

መመዝገብ የምትፈልጉ ቅጹ በአዳራሹ መግቢያ በስተቀኝ ካለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ማንበብ ለማይመቻቸው አባቶችና እናቶች ልጆቹ ጥያቄውን በቃል ይጠይቃሉ፤ ጥግ ላይ፣ ለብቻ። የደም ግፊት መለኪያም አለ። ከመለካታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ አረፍ በሉ፤ ቡናም የጠጣችሁ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። እናቶች አሁን ከሰሉን አያይዘዋልና፣ ልትለኩ ያሰባችሁ ከአቦል በፊት ብትመጡ ይሻላል።